ሰባት በር፣ አንድ ቆጣሪ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ስትከራዩ ከክፍሉ ጋር የማታውቋቸው ሰዎችም አብረው ይመጣሉ። ቆጣሪው የጋራ ነው። ቧንቧው የጋራ ነው። ሽንት ቤቱ፣ ማድ ቤቱ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ የውጭው በር ቁልፍ ሳይቀር የጋራ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በከተማዋ በኪራይ የሚኖረው ሰው በዝቷል። ከመንዝ፣ ከጅሩ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ሁሉ ግድግዳ ተጋርቶ ያድራል። ብዙ ጓደኞቼ ግን ግድግዳ ከመጋራት አልፈው ጎረቤት መሆን አቅቷቸው በየጊዜው ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ሰፈር ይቀይራሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

እኔ የሞላሌ ልጅ ነኝ። አስተማሪ ሆኜ መጥቼ ጠባሴ አካባቢ ተከራይቼ እኖራለሁ። አከራያችን፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ ከፊት ባለው ዋናው ቤት ይኖራሉ። እኛ ከኋላ በሰባት ክፍል ተደርድረናል። ሁለት የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች፣ ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳ ከነሚስቱና ከነሕፃኑ፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ጋሼ፣ ሱቅ ያላቸው የሸዋ ሮቢት ባልና ሚስት፣ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ እና እኔ።

አንድ ነገር አጥብቄ አምናለሁ። በጋራ ግቢ ውስጥ ፍቅር የሚመጣው ሂሳብ ከጠራ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው ተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ ቡና እንጠጣ፣ እንላመድ፣ ከዚያ የመብራቱ ነገር በፍቅር ያልቃል ይላል። አያልቅም። በሆድ የተያዘ የመብራት ሂሳብ ቡናውንም ያመርረዋል።

የእኛን ግቢ ሰላም ይነሳው የነበረው መብራት ነው። ለሰባቱ ክፍልና ለዋናው ቤት ያለው ቆጣሪ አንድ ነው። ሂሳቡን የምንካፈለው እንደ ብዙው ግቢ በአምፖል ነበር። አንድ አምፖል ያለው ይህን ያህል፣ ሁለት ያለው ይህን ያህል፣ ምጣድ ያለው ደግሞ ትንሽ ጨመር ያደርጋል። ሁሉም በግምት ነው። ወር በመጣ ቁጥር ጭቅጭቅ። ተማሪዎቹ «እኛ የምንበላው ካፌ ነው፣ ምን አድርገን ነው ይሄን ያህል የምንከፍለው?» ይላሉ። የባጃጁ ልጅ ሚስት ደግሞ «ሌሊቱን ሙሉ አብርታችሁ የምታድሩት እናንተ!» ትላቸዋለች። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ነበረው። ቁጥር የያዘ ሰው ግን አልነበረም።

ቁጥሩን ያመጡልን ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከማሽን ጋር የኖሩ ሰው ስለሆኑ የዋት ነገር ያውቃሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰብስበውን ደብተር ዘርግተው አስረዱን። 9 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር አንድ ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታን የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) እንኳ አይሞላም። 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ግን ለ2 ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። አንድ ቀን እንጀራ ሲጋገር የአንድ አምፖል የአምስት ወር መብራት ያልቃል ማለት ነው። አምፖል እየቆጠርን ስንጨቃጨቅ መክረማችን ያን ቀን ለሁላችንም ግልጽ ሆነ።

ሌላም ነገር ነገሩን። ይህን ብዙ ተከራይ አያውቀውም። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ እርከን አለው። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ፍጆታው እየጨመረ ሲሄድ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ከፍ ይላል። ከ500 ሲያልፍ የመጨረሻው እርከን ላይ ይደርሳል። ስምንት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቆጣሪው እንደ አንድ ትልቅ ቤት ነው የሚቆጥረን። ለየብቻ ብንሆን ታችኛው እርከን ላይ የምንቀር ሰዎች አንድ ላይ ስንደመር ላይኛው ላይ ጉብ እንላለን። ሂሳቡ የበዛው አንዱ ሌላውን ስለሰረቀ አልነበረም። ይህን ስንሰማ የብዙዎቻችን ፊት ተፈታ።

ከዚያ ለየክፍላችን ትንንሽ ቆጣሪ ለማስገባት ተስማማን። እትዬን ሁላችንም አንድ ላይ ሄደን ጠየቅናቸው። ዕቃውን እኛ አዋጥተን ገዛን፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያውን እሳቸው ከፈሉ። የሚለቅ ሰው ቆጣሪውን ለግቢው ትቶ ይሄዳል። ወሩ ሲያልቅ ሁለት ሰው አብሮ ይዞራል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። የተጻፈው ማድ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ዋናው ሂሳብ በቴሌብር ይከፈልና ደረሰኙ በስልክ ለሁሉም ይላካል። የደጁና የሽንት ቤቱ አምፖል ሂሳብ ለሁሉም እኩል ይካፈላል። አንባቢዎቹና ገንዘብ ያዡ በየወሩ ይቀየራሉ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ችላ እንዳትሉ። አንድ ሰው ብቻውን ለረጅም ጊዜ የጋራ ገንዘብ ከያዘ፣ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ሐሜት አይቀርለትም።

ሁለተኛው ለውጥ ምጣዱ ላይ ነው። ቀድሞ የምንጋግር ሴቶች እያንዳንዳችን በየራሳችን ቀን፣ በየራሳችን ምጣድ ነበር። ምጣዱ እስኪግል ድረስ የሚሄደው መብራት በከንቱ ነው፣ ያውም በደብረ ብርሃን ብርድ። አሁን ሁላችንም ቅዳሜ፣ በአንድ ምጣድ ተራ በተራ እንጋግራለን። በዚህ አየር ሊጥ ቶሎ ስለማይነሣ ረቡዕ እናቦካለን፣ ዓርብ ማታ አብሲት እንጥላለን። የመጀመሪያዋ ምጣዱን አግላ፣ ጎመን ዘር ነስንሳ ታስሳለች። እሷ ስትጨርስ ምጣዱ ሳይጠፋ ቀጣይዋ ሊጧን ይዛ ትቀርባለች። አክንባሎው ሲነሣ እንፋሎቱ ማድ ቤቱን ስለሚያሞቀው ልጆቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው ነው የሚጠብቁት። ዓይን ያላወጣው የመጀመሪያ እንጀራ የእነሱ ነው። አንዷ ስትጋግር ሌላዋ በሰፌድ ታወጣለች፣ አንዷ ሽሮ ትጥዳለች። የማድ ቤቱ ቆጣሪ ለብቻው ስለሆነ ሂሳቡን የምንካፈለው የጋገርነው ብቻ ነን።

ጋሼ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እንጀራ እየገዙ ነበር የሚበሉት። አሁን የጤፉን ዱቄት ይሰጡናል፣ እየተቀያየርን እንጋግርላቸዋለን። እሳቸው ደግሞ የተበላሸ ሶኬት፣ የላላ ማጠፊያ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያበጁልናል። ይሄ የማንም ውለታ አይደለም፣ ተራው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ለዚያም ይመስለኛል ማንም ሲቀበል የማይሳቀቀው።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቀድሞ የነቃው በርሜሉን እስከ አፉ ይሞላ ነበር፣ ያልነቃው ደረቁን ይቀራል። አሁን ተረኛው ሁሉንም በር ያንኳኳል። ለየክፍሉ መጀመሪያ ሦስት ሦስት ጀሪካን ይሞላል፣ ሕፃን ላላት አራት፣ በርሜል ከዚያ በኋላ ነው።

የሽንት ቤቱን ጽዳት ያቃለለልን አንድ ረጅም መጥረጊያ ነው። ተረኛው ሳምንቱን ሙሉ በሩ አጠገብ ያቆመዋል። እሑድ ሽንት ቤቱን አጥቦ፣ በረኪና አፍስሶ፣ መጥረጊያውን ወደ ቀጣዩ በር ያሻግረዋል። «ተራህ ነው» እያለ የሚዞር ሰው አያስፈልግም። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ሥራውን ለሴቶቹ ሊተዉት ፈልገው ነበር። እዚህ ላይ አልተለሳለስንም። ወንድ ስለሆነ ከጽዳት የሚዘለል ክፍል ካለ፣ ተራ የሚባለው ነገር በወሩ ይፈርሳል። አሁን ከሁላችን አሳምረው የሚያጥቡት እነሱ ናቸው።

የፋብሪካ ሰው ባለበት ግቢ ደግሞ ሌሊትና ቀን ይቀላቀላል። ልጆቹ የሌሊት ፈረቃ ሲደርሳቸው የሚተኙት እኛ ቡና በምንወቅጥበት ሰዓት ነው። በር እጀታ ላይ ሻርፕ ከታሰረ ውስጥ ሰው ተኝቷል ማለት ነው። ሙቀጫውም ሬዲዮውም ወደ ዋናው ቤት ጥግ ይሄዳል። እትዬም የፈረቃው ነገር ሲገባቸው ለሌሊት ገቢዎች የውጭውን በር ቁልፍ አስቀረጹላቸው።

አሁን ስለ ከሰል ልንገራችሁ። ይህን ለደጋ ሰው ሁሉ ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። በቆርቆሮ ክፍል የሚያድር ሰው የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ ቢያስገባ ብርዱ ነው የሚያስገድደው። ግን ይገድላል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ብዙ ሰው ጭሱ ካለቀና ከሰሉ ከቀላ በኋላ አደጋ የለውም ብሎ ያስባል። ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ከዚያ ድብት ያደርጋል። የተኛ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሰማው ያልፋል።

ባለፈው ኅዳር ከፋብሪካ ልጆቹ አንዷ ሌሊት ሠርታ ጠዋት ገባች። አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ አገሯ ሄዳ ነበር። ሻርፑን እጀታው ላይ አስራ ዘጋች። ተኝታለች ብለን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ዋልን። ወደ 9 ሰዓት ገደማ ውሃ መጣ። ተረኛዋ የባጃጁ ልጅ ሚስት ነበረች። በር እያንኳኳች ከልጅቷ ክፍል ደረሰች። ያቺ ልጅ ለውሃ ሲጠሯት ከእንቅልፏም ቢሆን «አቤት» ሳትል አትቀርም። ዝም አለች። ደግማ አንኳኳች። ዝም። «እትዬ፣ ኧረ ይቺ ልጅ ደህና አይደለችም!» ብላ ጮኸች።

ተማሪዎቹ በሩን ገነጠሉት። ምድጃው ከአልጋው እግር አጠገብ ነበር፣ አመድ የለበሰው ፍም ገና ይሞቃል። ተሸክመን ደጅ አወጣናት። ትተነፍሳለች፣ ስትጠራ ግን አትመልስም። ጩኸቱን ሰምተው የመጡ ሴት «ወተት አጠጧት፣ ሎሚ አሽቷት» ማለት ጀመሩ። ጋሼ ቆጣ ብለው «ራሷን የሳተች ልጅ ምንም አትጠጣም፣ ታንቋታላችሁ። አሁኑኑ ሆስፒታል!» አሉ። ባጃጁ እንደ ዕድል በር ላይ ቆሞ ነበር። ሆስፒታል ስትደርስ ኦክስጅን አደረጉላት። በማግስቱ ራሷን እያመማት፣ ግን በእግሯ ተመለሰች።

ያቺን ልጅ ያተረፋት የውሃ ተራ ነው። በሯን የማንኳኳት ግዴታ ያለበት ሰው ባይኖር ኖሮ ሻርፑን እያየን እስከ ማታ እናልፋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሻርፕ የሚያስር ሰው የሚነሣበትን ሰዓት ለአንድ ጎረቤት ይናገራል፣ ሰዓቱ ካለፈ ይንኳኳል። ከሰል ደጅ ይያያዛል፣ ደጅ ይቀራል፣ ማታ ወደ ክፍል አይገባም። ለመኝታ የፈላ ውሃ በጎማ መያዣ ሞልተን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ከእግራችን ሥር እናደርጋለን። በጣም የበረደው ማድ ቤት ገብቶ ከሰው ጋር ይሞቃል።

ከወለጋ የመጣችው እናት ስትገባ ምን እናድርግላት ብለን ተጨንቀን ነበር። ልብስ አዋጣን፣ ዱቄት አዋጣን፣ ብርድ ልብስ አዋጣን። እሷ ግን እያመሰገነች ዓይኗን ከመሬት አታነሣም ነበር። የጽዳት ተራው ሲደርሳት እትዬ «ምስኪን፣ ገና ናት፣ ዘንድሮስ ትለፍ» አሉ። ጋሼ ግን «ከተራ ካወጣናት እንግዳ ሆና ትቀራለች» ብለው መጥረጊያውን ራሳቸው ወስደው በሯ ላይ አቆሙት። በዚያ ሳምንት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና የጠራችን። ዛሬ የቆጣሪውን ደብተር ከሁላችን አጣርታ የምትጽፈው እሷ ናት። አዲስ ሰው ግቢያችሁ ሲገባ ርዳታው እንዳለ ሆኖ ድርሻም ስጡት።

ቡናው እንግዲህ የጣፈጠው ይሄ ሁሉ መልክ ከያዘ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን አንድ ደንብ አለው። በሌለ ሰው ላይ የሂሳብና የተራ ነገር አይነሣም። ቅር ያለው ሰው ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ለሰውየው ለራሱ ይናገራል፣ ካልሆነለት ለጋሼ ይነግራል። ቡና ላይ የተወራ ቅሬታ ባለቤቱ ጆሮ ሲደርስ ሦስት እጥፍ አብጦ ነው።

ለፋሲካ ከጎን ግቢ ጋር ሆነን ቅርጫ እንገባለን። ሙሉ መደብ የማይችል ግማሽ ይወስዳል፣ ተማሪዎቹ ለሦስት አንድ ግማሽ ይበቃቸዋል። የሸዋ ሮቢቶቹ ሙስሊም ስለሆኑ በሥጋው የሉበትም። ለዚህ ያገኘነው ዘዴ ቀላል ነው። የግቢው የጋራ ድስት ሁልጊዜ የጾም ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጎመን። ረቡዕም ሆነ ዓርብ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም አንድ ትሪ ላይ ይቀርባል። በረመዳን እነሱ ሲያፈጥሩ ሳምቡሳው በየበሩ ይዞራል፣ እኛም ቴምር ገዝተን እንልካለን።

እድርን በተመለከተ ብዙ ተከራይ «ነገ ለምለቀው ሰፈር» ብሎ ይተወዋል። እኔ እንድትመዘገቡ እመክራለሁ። ከተማሪዎቹ የአንዱ አባት መሐል ሜዳ ሲያርፉ እትዬ ያሉበት እድር ድንኳን ጥሎ አስተዛዘነው። እኛ ደግሞ መኪና ተከራይተን በጣርማ በር፣ በሰላ ድንጋይ፣ በሞላሌ አድርገን ለቅሶ ደረስን። ልጁ አገሩ ሆኖ የከተማ ጎረቤቶቹ ከመኪና ሲወርዱ ሲያይ የሆነውን እዚህ መጻፍ አልችልም። እናቱ እስከ አሁን በሶና ቆሎ ይልኩልናል።

ከአከራይ ጋር ያለው ነገርም አለ። ሰው በየስድስት ወሩ የሚነቀል ከሆነ ጎረቤትነት አይገነባም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። አዋጁ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስኑት ክልሎች ስለሆኑ ያላችሁበትን ከተማ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ውሉ ላይ መብራቱና ውሃው እንዴት እንደሚካፈል አብሮ ይጻፍ። እትዬ መጀመሪያ ወረቀት ሲባሉ ከፍቷቸው ነበር። «ልጆቼ፣ እኔን አታምኑኝም?» አሉ። «እትዬ፣ እኛን ለሚተኩን ነው» አልናቸው። ፈረሙ። አሁን አዲስ ተከራይ ሲመጣ ወረቀቱን አውጥተው የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው።

ሁሉም ሰው ግን እንደዚህ መቀራረብ አይፈልግም። ከተማሪዎቹ አንዱ ቡናም አይጠጣ፣ ጨዋታም አይወድ። መጽሐፉን ይዞ ይገባል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው አታስጨንቁት። እኛ ዘንድ ግዴታው የመብራት ድርሻ፣ የውሃና የመጥረጊያ ተራ ነው። ሌላው በፈቃድ ነው። ልጁ ተራውን አዛብቶ አያውቅም፣ ያቺ ልጅ በከሰሉ የታፈነች ዕለትም በሩ ላይ መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነው።

ለመጀመር ያሰባችሁ ደግሞ የመብራት ሂሳቡ በመጣ ዕለት ስብሰባ አትጥሩ። ሰው ሁሉ ተቆጥቶ ነው የሚመጣው። ወር አጋማሽ ላይ፣ ማንም ከማንም ጋር ባልተጣላበት ቀን ይሁን። በዕድሜ ገፋ ያለና ሰው የሚሰማው አንድ ሰው ይጥራው። ለቆጣሪ የሚሆን ገንዘብ ከሌለ የመጋገሪያ ቀናችሁን ከማገናኘት ጀምሩ። እሱ ወጪ የለውም፣ ልዩነቱንም በሚቀጥለው ወር ሂሳብ ላይ ታዩታላችሁ።